አስ ይዞ ማን ይጥላል?

እስከ መቼ ነው በጥሩ ካርታ የምንበላው? መጥፎ ካርታማ ምን አደረገን! ሰባትና ሁለት የደረሰው ሰው ወርውሮ ስልኩን ይነካካል፤ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። የሚያራቁተን ያ ደስ ብሎን የተቀበልነው ካርታ ነው፦ ሁለት አስ፣ ሁለት ንጉሥ። ፖከር የሚጫወት ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ያማርራል፣ በማግስቱ ግን ያው ነው።

በቴክሳስ ሆልደም ሁለት አስ የሚደርሰው በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው። ሰው ያን ያህል ጠብቆ ሲያገኘው ገንዘቡ ከወዲሁ የእሱ የሆነ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም። ሁለት አስ ምንም ይሁን ምን ከያዘ አንድ ሰው ጋር ብቻ ሲገጥም ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። አራት ሰው ሲገባበት ወደ 56 ይወርዳል፤ ስምንት ሲገባበት ደግሞ ወደ 35። ታዲያ በእነዚህ በ1 እና በ3 ዶላር በሚከፈቱት የላስ ቬጋስ ጠረጴዛዎች 15 ዶላር ብታስይዙ ማን ይፈራችኋል? አንዱ ኮል ካለ ጎረቤቱም ይከተላል፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ይከተላል። ይባስ ብሎ አስ ይዞ "ላጥምዳቸው" በሚል ሳይጨምር ዝም የሚል አለ። ስድስት ሰው በርካሽ ያስገባና በመጨረሻ በሁለት ጥንድ ሲበላ ዕድሉን ይረግማል። በሩን የከፈተው ማን ሆነና!

በየምሽቱ የምናየውን አንድ ጨዋታ ልንገራችሁ። ሰውየው 300 ዶላር ከፊቱ አለ፣ ሁለት አስ ይዟል፣ 15 አስያዘ፣ አራት ሰው ተከተለው። መሐል ላይ 75 ዶላር አለ። ፍሎፑ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አራት ሆነ። ሁሉም ቼክ አሉ፤ እሱ 50 ጨመረ፣ ሦስቱ ጣሉ። አንዱ ግን ኮል አለ፤ ያ ከመጣ ጀምሮ ካርታ ሲጥል ያመሸው ዝምተኛ ሽማግሌ። ፖቱ 175 ደረሰ። ተርኑ ሰባት ነው። ሽማግሌው እንደገና ቼክ አለ። ባለ አሱ ሰባቷ ምን እንዳመጣች ሳያስብ 85 ገፋ። ሽማግሌው መነጽሩን አስተካከለና የቀረችውን 235 ዶላር ሙሉ ለሙሉ አስገባ።

እዚህ ላይ ጠረጴዛው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ ባለ አሱም ያውቀዋል። "ስትሬት ይዘሃል አይደል?" ብሎ ይጠይቃል። "አውቄዋለሁ፣ ተበልቻለሁ" ይላል። ይህን ብሎ ሲያበቃ 150 ዶላሩን ቆጥሮ ይጨምራል! ማወቁ ምን ጠቀመው? የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሒሳቡን እዩት። 645 ዶላር ለሚሆን ፖት 150 እየከፈለ ነው፤ እንዳይከስር ከአራት ጊዜ አንዴ ገደማ ማሸነፍ አለበት። ሽማግሌው ስትሬት ከያዘ አስ ምንም ተስፋ የለውም። ሦስት ዘጠኝ ወይም ሦስት ስምንት ከያዘ ተስፋው ከመቶ 5 አይሞላም። ዘጠኝና ስምንት ጥንድ ቢሆን እንኳ 18 ያህል ነው። የቀረው ብላፍ ነው፤ ሲጥል ያመሸ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ከአራት ጊዜ አንዴ ብላፍ አያደርግም። ካርታውን ቢጥል የሚያጣው 150 ነው፤ ስለማይጥል 300 ይሄዳል። ሰባቷ ስትወርድ ቼክ ብሎ ቢያልፍ ኖሮማ ያቺ 85ም ቢያንስ እስከ ሪቨር ድረስ ኪሱ ትቆይ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዙሪያችን የተቀመጡት አሉ። ከስንት አንዴ አስ ገልብጦ የሚጥል ጨዋ ሰው ሲገኝ "አስ ይዞ ማን ይጥላል? ፈሪ!" ይሉታል። ያሸነፈው ሰው ካርታውን ሳያሳይ ፖቱን ሲሰበስብ፣ "ብላፍ ነበር እኮ" የሚል ሹክሹክታ ከጠረጴዛው ዳር ይነሳል። ይህን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ዙር ላለመሰደብ ብሎ ይከፍላል። ከፍሎ ሲበላ ደግሞ እነዚያው ሰዎች "መጣል ነበረብህ" ይሉታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በሰው ገንዘብ ጀግና መሆን ምን ይባላል?

ቴሌቪዥኑም አልረዳንም። የሚደጋገሙልን ማንም ሊያመልጥ የማይችልባቸው ጨዋታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋና ውድድር ሞቶዩኪ ማቡቺ አራት አስ ይዞ በጀስቲን ፊሊፕስ ሮያል ፍላሽ ተበላ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዚያው ውድድር ቫኔሳ ሰልብስት የሦስት አስና የሁለት ሰባት ፉል ሃውስ ይዛ በጋኤል ባውማን አራት ሰባት ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰናበተች። እነዚህ ሰዎች ምን ይባላሉ? ምንም። ችግሩ እኛ በአንዲት ጥንድ የተበላነውን ከእነሱ ጋር አንድ ላይ መቁጠራችን ነው። አራት አስና አንድ ጥንድ አስ ምን አገናኛቸው? የእነሱ ዕድል ነው፤ የእኛ እልህ ነው። ዕድል ብለን ስለምንጠራው ደግሞ በማግስቱ እንደግመዋለን።

እናም ሰሚ ካለ ደጋግሜ እላለሁ። ጥሩ ካርታ ሲመጣ ፍሎፕ ሳይወርድ ጨምሩ፣ ሰው ይቀነስ። አንድ ጥንድ በትንሽ ፖት የሚጫወቱበት እንጂ ያላችሁን ሁሉ የምታስይዙበት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የወረደው ካርታ ስትሬትና ፍላሽ ሲያቀራርብ ቼክ ማለት ውርደት የለውም። ዝምተኛው ሲጨምር እመኑት። መሐል የገባው ብር የእናንተ መሆኑ አብቅቷል፤ እሱን ለማስመለስ ብላችሁ ኪስ ያለውን አትላኩበት።

ለጀማሪዎች የምናስተምረው ሁሉ እንዴት እንደሚያሸንፉ ነው፤ ትንሽ ተበልቶ መነሳትን የሚያስተምር የለም። አንድ ሰው አስ ጥሎ 150 ዶላር ሲያተርፍ ፖት እንደሰበሰበ ሰው "ጎበዝ" ሊባል ይገባዋል። ቢያንስ ዝም እንበለው። ያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ነው፤ የጠረጴዛ ጎረቤቶቹን ለማስደሰት የሚከፈል ግብር አይደለም።