ገበያ ወጥቶ መታለል ለሚሹ

የደራዋ አንበሳሜ ገበያ ሲወጡ ዐይንዎን ብቻ ይዘው ይውጡ። እጅዎን ነጠላዎ ውስጥ ይሰብስቡ፤ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ጥርስዎን ለምሳ ያቆዩት። ዐይን ብቻውን ገበያ ሲገባ ሁሉ አዋጅ ይሆንበታል፤ ያየውን ነጭ ንጹሕ ይላል፤ ያየውን ቢጫ ለጋ ይላል፤ ያየውን ቀይ የበሰለ ይላል። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ከሩዙ ይጀምሩ። ደራና ፎገራ የሩዝ አገር ናቸው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሲረዱ ሩዝ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ የደራዋ ጅግና ነበረች፤ ሌላዋ የፎገራዋ ሻጋ። ዛሬ በርብና በጉማራ ሜዳ ላይ በስፋት የሚዘራው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከጅግና ነው። ገበሬው ሌላ አዲስ ዝርያ ሲቀርብለት እንኳ ይህን አልለቅም ያለበት አንዱ ምክንያት የፍሬው ንጣት ነው። ነጭ ፍሬ ገበያ ላይ ዋጋ ያወጣል፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገርም እንጀራውን ያነጣዋል። ስለዚህ እርስዎ የነጣውን ይምረጡ፤ ለምን ነጣ ብለው ግን አይጠይቁ።

ቢጠይቁ መልሱ ያለው መፈልፈያው ቤት ነው። ከገለፈቱ በታች ፍሬውን የሸፈነ ስስ ቡናማ ልባስ አለ። ሩዙ በተፈተገ ቁጥር እሱ እየተላጠ ይሄዳል፤ ፍሬውም እየነጣ ይመጣል። ቫይታሚን ቢ 1 በብዛት ያለው ደግሞ በዚያ ልባስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ጃቫ ደሴት ላይ ይሠራ የነበረው የኔዘርላንዱ ሐኪም ክርስቲያን አይክማን የተፈተገ ሩዝ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲዝል፣ ልባሱ ያልተነካ ሩዝ ሲሰጣቸው ደግሞ ሲያገግሙ አየ። እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ ነው። እርስዎ ግን ለነጩ ጨምረው ይክፈሉ፤ ከላዩ የተላጠውን ጥሩ ነገር ላም ትብላው። ጤፍም ሲገዙ እንደዚሁ ያድርጉ፤ ቀዩን ንቀው ለነጩ ብር ይቁጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በጣም የሚቆጨኝ ነገር ስለሆነ። ከውጭ የመጣው ረጃጅም ሩዝ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ታሽጎ ከጎን ሲቀመጥ፣ የፎገራው ሩዝ ስባሪ የበዛበት ሆኖ ይታያል፤ ገዢውም ፊቱን ያዞራል። ያ ስባሪ ግን የሩዙ ጥፋት አይደለም። አዝመራው ያለ ልክ ሲደርቅ ወይም ሳይደርቅ መፈልፈያ ሲገባ፣ መፈልፈያውም በአንድ ጊዜ ልጦና ፈትጎ የሚያወጣ ቀላል ማሽን ሲሆን ፍሬው ይሰበራል። ጣዕሙ ግን ያው ነው። ዐይን ስባሪውን አይቶ ዋጋ ሲቆርጥ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያረመው ገበሬ ኪሱ ይጎድላል።

መታለሉ እንዲሰምርልዎ እጅዎን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርንዎ አያስገቡ። ብዙ እናቶች እህል የሚገዙት እንዲያ ነው፤ ከላይ የተነሰነሰውን አልፈው ከሥሩ ይዘግናሉ። ከሥር የወጣው እጃቸውን ካቀዘቀዘው እርጥብ መሆኑን ይጠረጥራሉ፤ አንዲት ፍሬ በጥርስ ነከስ ያደርጋሉ። ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ይለመጥጣል። ጠጠር ካለበትም እዚያው ይታወቃል። እርስዎ እነሱን አይምሰሉ፤ ውኃውን በሩዝ ዋጋ ይመዝኑና ይውሰዱ። የፎገራዋ ወረታ ላይ ሽንኩርት ሲገዙም ልጣጩ ይንኮሻኮሽ እንደሆነ በመዳፍዎ ሳያሹ፣ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ትልልቅ ራስ አይተው ይስማሙ።

ቲማቲምና ሥጋ ደግሞ ቀይ ሸራ ወይም ቀይ አምፖል ሥር ይግዙ፤ ከጥላው አውጥተው ፀሐይ ላይ አይዩት። ቀለም አፍንጫን እንኳ እንደሚያታልል እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም አቅልተው ለ54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎች ቢያቀርቡላቸው፣ ተማሪዎቹ ሽታውን የገለጹት ቀይ ወይን በሚገለጽበት ቃል ነው። ጆሮም ቢሆን የማይታለል አይምሰልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ሌላ ጥናት አንድ የእንግሊዝ መደብር የፈረንሳይ ዜማ ባሰማባቸው ቀናት የፈረንሳይ ወይን፣ የጀርመን ዜማ ባሰማባቸው ቀናት የጀርመን ወይን በብዛት ተሸጧል። ገዢዎቹ ስለ ሙዚቃው ቢጠየቁ፣ ምርጫችንን ለውጦታል ያሉት ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ድምፅ ማጉያው በጮኸበት በኩል ሲያልፉ ዋጋ ለማወዳደር አይቁሙ።

ቅቤን ለመጨረሻ ያቆየሁት የታወቀችው የፎገራ ላም ሀብት ስለሆነ ነው። ቢጫውን ይግዙ። ላም ለምለም ሣር በምትበላበት ወራት ቅቤዋ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በበጋ ገለባ ላይ ስትውል ይገረጣል። ቢጫነቱ ስለ መኖዋ እንጂ ስለ ንጽሕናው ምንም አይናገርም። ሙዝ ወይም የአትክልት ቅባት የሚቀላቅለው ሰውም የሚያሳምረው ይህንኑ ቀለም ነው። ባልትና የምታውቅ ሴት ግን በጣቷ ቆንጥራ ታሻዋለች፤ በእጇ ሙቀት እንዴት እንደሚቀልጥ ታያለች፤ ታሸትተዋለች። ከጠረጠረች ማንኪያ ላይ አድርጋ እሳት ታስነካዋለች፤ ቅቤው ቀልጦ ሲጠራ ሙዙ ከሥር ይቀርና ያርራል። የአትክልት ቅባት ይቀልጣል፤ የቅቤ ሽታ ግን የለውም፤ እሱን የሚይዘው አፍንጫ ነው።

እንግዲህ የገረጣ ቅቤ የያዘችው ሴት በጣቷ ቆንጥራ «እስኪ ያሽትቱት፣ ይቅመሱት» ስትልዎ፣ ቸኩያለሁ ብለው ይለፏት። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሻጭ «አይነካም!» ይልዎታል፤ ቅቤው ወርቅ ይመስላል፤ የጠየቀዎትን ሁሉ ይክፈሉት።