ኧረ እርስዎ ይቅደሙ

ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ መግባታቸው ያጠራጥራል። «ይቅደሙ»፤ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ»፤ «በሞቴ!»፤ «አፈር ስሆን!» እነሱ ተከባብረው እስኪጨርሱ ከኋላ የቆመው ሰው የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። ይህን ወግ እወደዋለሁ። ብስክሌት ላይ ሲሆን ግን ትራፊክ ፖሊስ ሊቀጣው ይገባል ባይ ነኝ።

ነገሩ የነፋስ ነው። ሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ባላጋራ አየሩ ራሱ ነው፤ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር እሱ ከጨመርከው በላይ ይከብድሃል። ከፊት ያለው ይህን አየር በደረቱ ይሰብራል፤ ከኋላው ተጠግቶ የተለጠፈው ደግሞ ከጉልበቱ ሩብ፣ ሲቀናውም ሲሶ ይተርፈዋል። ስለዚህ ደንቡ መፈራረቅ ነው፤ ጥቂት ትመራለህ፣ ክርንህን ወዝወዝ አድርገህ ወደ ጎን ትወጣለህ፣ ሌላው ይተካሃል። በትልልቆቹ የአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለአለቃቸው ነፋስ ሲሰብሩ የሚውሉ ጋላቢዎች አሉ፤ ውል ፈርመው፣ ደሞዝ ተቆርጦላቸው። አማተር ግን ደሞዝ የለውም። ያለው ይሉኝታ ብቻ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ የምናደርገው የዓመቱ የመጀመሪያ ረጅም ውድድራችን ከለገጣፎ ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ቢለካ 130 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በእኛ አነሳስ መቶን አለፍ ብሎ ያበቃል። ውድድር ስል ዳኛና ሜዳሊያ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠበቃ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ልጅ፣ የሒሳብ ሠራተኛው እኔ፣ እንዲሁም ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነን። ሕጋችን አንድ ነው፤ መጨረሻ የገባ የሁሉንም ምሳ ይከፍላል።

የክረምቱ ልምምዳችን ምን ይመስል እንደነበር ቁምጣችን ይመሰክራል፤ እኔ የምጨምረው የለም። እሑድ ማለዳ ነበርና ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ገጠሙን። አንደኛዋ ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከዚያም ከልባቸው አዝነው «ልጄ፣ ሱሪህን ማን ወሰደብህ?» አሉኝ። ጠበቃው ቀደም ብሎ «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተይዟል፣ እማማ» ሲል መለሰላቸው።

እስከ ሰንዳፋ ድረስ ሁሉም ጀግና ነው። ልጁ ይመራል፣ ጠበቃው ይቀልዳል፣ ሕፃናቱ የውኃ መያዣችንን እያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። አለልቱ ላይ ግን ሁለት ነገር ሆነ። የልጁ ጎማ ተነፈሰና ከመነዳሪ ሊቀይር ቆመ፤ እኛም «እናንተ ጠብቁት፣ እኔ ቀስ እያልኩ ልሂድ» እየተባባልን ሁላችንም ቀስ እያልን ሄድን። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። በጋው ሲገባ በዚህ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ደብረ ብርሃንም ያለችው በዚያው አቅጣጫ ነው። ይህን በዝርዝር ያስረዱን ጋሼ ናቸው። ያስረዱን ከኋላዬ ሆነው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ እንጂ» አልኳቸው ክርኔን እያወዛወዝኩ።

«ተው ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ። አገር የሚረከበው ወጣት ነው። ቅደም።»

ሃምሳ ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ። ቢሆንም ወጣት መባል ደስ አለኝና ትንሽ መራሁ። ከዚያ ጠበቃውን ጠራሁት።

«ጋሼ ከኋላ እያሉ?» አለ ደንግጦ። «ከታላቅ ፊት አልሄድም። አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።»

የጥርስ ሐኪሙ አፉን እስከ መንጋጋው ከፍቶ ያለከልክ ስለነበር መልስ አልሰጠኝም፤ ጥርሶቹ ግን ያስቀናሉ። እናም በዚያ ሜዳ ላይ ነፋሱን ለብቻዬ ስሰብር፣ ከኋላዬ ሦስት የተከበሩ ሰዎች እንደ ሚዜ ተሰልፈው ያጅቡኝ ነበር።

ነፋስ የማያገኘው ሰው ደግሞ ወሬ አያልቅበትም። ጋሼ ታሪክ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞችም እንደነበሩን፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ እንደነበሩ፣ ይህም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑን ነገሩኝ። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑንም አስታወሱኝ። ቀጥለው ወደ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ መጡ። በ2014 ዓ.ም. ጂሮ ዲታሊያ ላይ የአንዱን ዕለት ውድድር ከእነዚያ ሁሉ አውሮፓውያን ቀድሞ ገባ፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የወይን ጠርሙሱን ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታው፤ በማግስቱ ውድድሩን አቋረጠ።

«አየህ» አሉ ጋሼ በሐዘኔታ፣ «መቅደም ጣጣ አለው።» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «አንተ ግን አይዞህ፣ ምራ» አሉኝ።

ወደ ሸኖ ስንጠጋ ትንፋሽ አጠረኝ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው ደጋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ይህንንም ያወቅኩት ከጋሼ ነው። «ግን ቀጭን አየር ሲሰብሩትም ይቀልላል፣ ልጄ፤ በጎ በጎውን አስብ።» የፊዚክስ ነገር ከሆነ እውነታቸውን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ረሃቡ የመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ጠንክሮ ለሚጋልብ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ቢያገለግለው ነው፤ ከዚያ በኋላ እግር የሌላ ሰው ይሆናል። በማር የበጠበጥኩት በሶ ነበረኝ። ጋሼ «እስቲ ልቅመሰው» ብለው ተቀብለውኝ መያዣውን ባዶውን መለሱልኝ። ሸኖ ደግሞ የቅቤ አገር ናት። መንገድ ዳር ቅል የያዙ ሴቶች ሳይ ከተማውን በሙሉ በሐሳቤ ፍትፍት አደረግሁትና ትኩስ ለጋ ቅቤ አፈሰስኩበት። በዚያ ሐሳብ ጫጫን ማለፌን እንኳ አላስታውስም።

የደብረ ብርሃን መግቢያ ሲታይ ከኋላዬ ማርሽ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ጋሼ ከኮርቻቸው ብድግ ብለው በጎኔ ሲያልፉ ባርኔጣ የሚያነሱ ያህል አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፤ «ይቅርታ ልጄ፣ ልለፍህ» አሉኝ። ጠበቃው ተከተላቸው። «ታላቅ ሰው ብቻቸውን አይሄዱም!» ብሎኝ አለፈ። የጥርስ ሐኪሙ እንደተለመደው አፉን ከፍቶ ሄደ። አራተኛ ወጣሁ።

ብዙም ሳንቆይ ልጁ ደረሰ። ከአለልቱ ጀምሮ ያንን ሁሉ ነፋስ ብቻውን ሰብሮ የመጣው እሱ ነው። «ምነው ጠበቃችሁኝ እኮ፣ ሂዱ እንጂ!» አለን፤ ይቅለድ አይቅለድ ለማወቅ ፊቱን ባየውም አልተገለጠልኝም።

ምሳ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ሌላ ውድድር። «ጋሼ ይቅደሙ»፤ «በፍጹም፣ እናንተ ደክማችኋል»፤ ብርዱ አጥንት ድረስ እየገባ በሩ ላይ ቆምን። በመጨረሻ እየተገፋፋን ገባን፣ በግ ጥብሱ መጣ፣ ማንም ለማንም «ብላ» ማለት ሳያስፈልገው አለቀ። ከዚያ ሒሳብ ተጠራ።

«እኔ ነኝ የምከፍለው» አሉ ጋሼ ቦርሳቸውን እያወጡ። «ሕጉ መጨረሻ የገባ ይከፍላል ነው የሚለው። በዚህ በር መጨረሻ የገባው ማን ነው?»

«ጋሼ፣ አንደኛ ወጥተው!» አልኩ እኔም ኪሴን እየደባበስኩ። ጠባብ ቁምጣ ኪስ የለውም፤ ያም ሆኖ ደባበስኩ።

ጠበቃው ተነሥቶ ቆመ። የልጁ ጎማ መተንፈስ ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል የደረሰ ስለሆነ ልጁ ከውጤቱ ይሰረዛል፣ ጋሼም በዕድሜ ነፃ ናቸው፣ ሐኪሙም ቃሉን መስጠት ስላልቻለ አይጠየቅም፣ ስለዚህ ዕዳው ያረፈው በእሱ በጠበቃው ላይ ነው ሲል ተከራከረ። ሐኪሙ ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ገጥሞ በእጁ ብር ጨብጦ አስተናጋጇን ያሳድዳል። እሷ ደግሞ እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ ታፈገፍጋለች።

«ተከፍሏል እኮ!» አለች በመጨረሻ።

ሁላችንም ወደ ልጁ ዞርን። ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ ነበር። ጥብሱ ገና ምድጃ ላይ እያለ በቴሌብር ጨርሶታል።

ጋሼ ፊታቸው ቀላ። «እንዴት ያለ ዘመን ነው!» አሉ፣ ጠረጴዛውን እየመቱ። «ቀኑን ሙሉ ከኋላ ተደብቆ ውሎ መጨረሻ ላይ ሹልክ ብሎ ይቀድመናል!»