ፀጉር አበጣጠር በቢላና በአካባቢዋ

ፀጉር ማበጠር ማለት የተያያዙ የፀጉር ዘለላዎችን ጥርስ ባለው መሣሪያ ለያይቶ ማስተኛት ነው። ሥራው የሚጀመረው ከጫፍ ነው። በምዕራብ ወለጋዋ ቢላ ግን የሚጀመረው ከአናት ነው፤ በጊምቢም፣ በነቀምቴም፣ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዳር ባሉት ከተሞችም እንዲሁ። ከጫፍ እስከ አናት ያለው ርቀት በአብዛኛው ራስ ላይ አንድ ክንድ አይሞላም። ያችን ክንድ ለመሻገር ፈቃደኛ የሆነ እጅ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

የፀጉር ዘለላ ከራስ ቆዳ በላይ ያለው ክፍሉ ሕይወት የለውም። ሕይወት ያለው ቆዳ ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ብቻ ነው፤ ሲጎተት የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። ዘለላው ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን ከላይ በስስ ቅርፊቶች ተሸፍኗል። ቅርፊቶቹ እንደ ጎጆ ክዳን ሣር ተደራርበው፣ ጫፋቸውን ቁልቁል አድርገው ተኝተዋል። ማበጠሪያ በቀስታ ሲወርድ ያስተኛቸዋል፤ ቋጠሮ ላይ ደርሶ በጉልበት ሲጎተት ይፈነቅላቸዋል። ቅርፊቱ የተነሳበት ዘለላ ይሻክራል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። የወለቀ ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልም፤ ሙት ነገር ቁስሉ አይድንም። «የተጎዳ ፀጉርን ይጠግናል» ተብሎ የሚሸጠው ቅባት ቢበዛ የሚሠራው ነውሩን መሸፈን ነው።

ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ጥቅልል ፀጉር ከዚህም ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ፀጉር ጫፉ ብቅ ያለው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው። ያ ጫፍ ሁለት የወለጋ ክረምት ዘንቦበታል፣ ሌሊት ሌሊት በትራስ ተፈትጓል፣ በሻሽ ታስሯል፣ ሠርግ በመጣ ቁጥር ተተኩሷል። ሥሩ አጠገብ ያለው ክፍል ደግሞ ገና ያለፈው ወር ልጅ ነው። ከአናት የጀመረ ማበጠሪያ ለጋውን በሰላም አልፎ፣ በመንገዱ ያገኘውን ቋጠሮ ሁሉ እየነዳ ወርዶ አዛውንቱ ጫፍ ላይ ይከምረዋል። ከዚያ ክንድ ይጠነክራል፣ ከንፈር ይነከሳል፣ አንድ ነገር «ቀጭ» ይላል። የተሰበረው ፀጉሩ ይሁን የማበጠሪያው ጥርስ ወዲያው አይለይም።

ለልማዱ መመሥረት የአገሩ አሠራር የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ዕቅድ ከላይ ይወርዳል፤ መመሪያ ከላይ ይወርዳል። ከበላይ አካል የተነሳ ደብዳቤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ እያለ ቀበሌ ሲደርስ በየደረጃው የሰበሰበው ቋጠሮ አንዲት መስኮት ላይ ይጠራቀማል፤ ከመስኮቷ በስተጀርባ ያለው ሠራተኛም «ነገ ተመለሱ» ይላል። እንዲህ ባለ አገር ማበጠሪያ ብቻውን ከታች ይጀምር ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው።

መሣሪያው ሚዶ ነው፤ በኦሮሚኛ ፊላ ይሉታል። የድሮው ሚዶ ከእንጨት የሚጠረብ፣ ጥርሶቹ ጥቂትና ረጃጅም፣ በመካከላቸውም ሰፊ ክፍተት ያለው ነበር። ፀጉር ላይ ተሰክቶ መዋሉ ለጌጥም ለአደጋ ጊዜም ይጠቅማል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ሲይዝ ጫካ የገቡት አርበኞች በአምስቱ ዓመት ያሳደጉት ጎፈሬ የዚህ ዓይነቱ ሚዶ ሥራ እንጂ የደቃቅ ማበጠሪያ ሥራ ሊሆን አይችልም። በኋላ ላስቲኩ መጣ። ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ጥርሱ ደቃቅ ነው። ደቃቅ ጥርስ ለሁለት ነገር ይሆናል፤ ለሉጫ ፀጉርና ለቅማል። በዚያ ላይ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተገጣጠሙበት መስመር በየጥርሱ ላይ ስለሚቀር፣ በጣት ሲዳሰስ የማይሰማው ስለት ዘለላውን ሲያልፍበት ይልጠዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ፀጉሩ በአራት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ብቻ ይያዝና ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በግራ እጅ ይጨበጣል፤ ይህ የሚደረገው ጉተታው ሥሩ ላይ እንዳይደርስ ነው። ማበጠሪያው ከጭብጡ በታች ያለችውን ትንሽ ክፍል ያፍታታል። እሷ ስትለሰልስ እጁ ወደ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አናት ይደረሳል። ከጫፍ መጀመር ሲባል ማበጠሪያውን ሽቅብ መጎተት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ምት ወደ ታች ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው መነሻው ነው። ጠንካራ ቋጠሮ ሲያጋጥም በቅባት ርሶ በጣት ይፈታል። ማታ ማታ መቶ ጊዜ ማበጠር ፀጉር ያሳምራል የሚለው የፈረንጅ ምክር መቶ ጊዜ መፈተግን ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ፋይዳ የለም።

ርጥብ ይሁን ደረቅ በሚለው ላይ መልሱ እንደ ፀጉሩ ይለያያል። ውሃ ኬራቲኑን አንድ ላይ የያዙትን ደካማ ማሰሪያዎች ስለሚፈታ፣ ርጥብ ፀጉር እንደ ልብ ይለጠጣል፤ በቀላሉም ይጎዳል። ስለዚህ ሉጫ ፀጉር ጠፈፍ ካለ በኋላ ይበጠራል። ጥቅልል ፀጉር ግን ደረቁን ሲነካ እርስ በርሱ እየተናነቀ የበለጠ ስለሚሰበር፣ ረጠብ ብሎ ኮንዲሽነር ወይም ቅባት እንደያዘ ቢበጠር ይሻላል። ፒያስትራም የሚሠራው እነዚያኑ ማሰሪያዎች በሙቀት ፈትቶ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ በማድረግ ነው፤ እርጥበት ሲመጣ ማሰሪያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ሚዜዋ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣ በቢጎዲን ተጠቅልላ፣ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ፣ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ጠብቃ፣ በፒያስትራ ተተኩሳ ትወጣለች። ከፀጉር ቤቱ በር እስከ ባጃጁ ካፊያ አለ። ሙሽራው ቤት ስትደርስ ፀጉሯ ከእሷ ቀድሞ ወደ ተፈጥሮው ተመልሷል።

ስለ ረገፈ ፀጉር ሳይነሳ የሚታለፍ የአበጣጠር ትምህርት የለም። ጤነኛ ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይጥላል። ሹሩባ ተሠርቶ ሁለት ሳምንት የቆየ ፀጉር የጣለውን መሬት ስላላደረሰው ጉንጉኑ ውስጥ ይዞት ይቆያል፤ ሲፈታ ከ700 እስከ 1,400 ዘለላ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እጅ ሙሉ ፀጉር ያየች ሴት ሂሳቡን ከመሥራት ይልቅ ተጠርጣሪ መፈለግ ይቀናታል። ባለፈው እሑድ «ውይ ፀጉርሽ ሲያምር!» ያለችው ጎረቤት የመጀመሪያዋ ናት። ለማጣራት የሚያስፈልገው አንድ ዘለላ ወደ ብርሃን ማንሳት ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ዘመኑን ጨርሶ ከነሥሩ የወጣ ነው፤ ነጥብ ከሌለው የተቆረጠ ነው። የተቆረጠው በጎረቤት ዓይን ሳይሆን በማበጠሪያ ነው። ይህ ማስረጃ ግን ጎረቤቷን ነፃ ሲያወጣ እምብዛም አይታይም።

የወረደው ፀጉር ተድበልብሎ ይጠቀለልና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል፤ መተት ይሠራበታል ተብሎ ስለሚፈራ አይጣልም። ጭቃ ግድግዳ ሲቀር፣ ብሎኬት ሲመጣ፣ ስንጥቅ ጠፍቶ ብዙ እናት ተቸግራለች። በፀጉር ላይ ያለው ጥንቃቄ የቤት እመቤት ብቻ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉ ፀጉራቸው ተቆርጦ ተወስዷል። አስከሬናቸውን በሣለው ሠዓሊ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 ለንደን ወዳለው የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ሙዚየም ገባ። ኢትዮጵያ ጠየቀች፣ ሙዚየሙ አሰበበት፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ቁራጮች በሚኒስትር እጅ ርክክብ ተደርጎባቸው አገራቸው ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ ሹሩባ በየሥዕሉ እንደሚታየው በወጉ የተጎነጎነ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ 151 ዓመት በባዕድ አገር ኖሮ ሳይበጣጠስ የተመለሰ ፀጉር ነው። ኬራቲን ጠንካራ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ከአናት ጀምሮ አለማበጠሩ ሌላው ምክንያት ነው።

ወደ ፀጉር ቤት እንመለስ። ደምበኛዋ ትቀመጣለች፣ ሻሿን ትፈታለች፣ ማበጠሪያው አናቷ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ምት ላይ ሠራተኛዋ ቆም ብላ «ፀጉርሽ ያስቸግራል» ትላለች። እዚህ ላይ ገለልተኛ ሆኖ መጻፍ ያስቸግራል። ያስቸገረው ፀጉሩ አይደለም! ቋጠሮውን ከላይ እየነዳ አምጥቶ የቆለለው እጅ ነው ያስቸገረው። ለሌላ ዓይነት ፀጉር ተሠርቶ በካርቶን የመጣ ላስቲክ አልሄድ ሲል፣ ጥፋተኛው ፈጣሪ የሰጠው ፀጉር ይሆናል። ጥርስ ቢሰበር «ሰበርሽብኝ» የምትባለው ተቀምጣ የምታለቅሰዋ ናት። በመጨረሻም «ወፍራም ስለሆነ» ጭማሪ ትከፍላለች፤ ስላስቸገረችም ይቅርታ ትጠይቃለች። የሰባት ዓመት ልጅ «ከርዳዳ» የሚለውን ቃል የምትሰማው እዚያ ወንበር ላይ ወይም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት በእናቷ ጉልበቶች መሀል ነው፤ ስትጮህም በኦሮሚኛ «ኦብሲ!» ትባላለች፤ «ቻይው» ማለት ነው። መቻል ያለባት እሷ፣ መማር የሌለበት ማበጠሪያው። አንድ ሕፃን ራሷ ላይ የበቀለውን ነገር እንደ ጥፋት ቆጥራ እንድታድግ የሚያደርግ ሌላ የቤት ዕቃ ካለ ይነገር።

እናቶችን በዚህ ላይ መውቀስም ደግ አይደለም። ከምሽቱ ጀምሮ ቅቤውን ከኮባ ቅጠሉ ፈትታ፣ በመዳፏ አሙቃ፣ የልጇን አናት ስትቀባ የምታመሸው ይህችው እናት ናት። ለጋ ቅቤ ፀጉርን አይመግብም፤ ሙት ነገር አይበላምና። የሚሠራው መንሸራተት ነው፤ ዘለላና ዘለላ፣ ጥርስና ዘለላ ሳይፋተጉ እንዲያልፉ ያደርጋል። ለዚህ አገልግሎት ወለጋ በሰፊው የምታመርተው የኑግ ዘይትም አያንስም፤ ሽታው ብቻ ከቅቤው ጋር እንደማይወዳደር አያከራክርም። አሜሪካ ያሉ ጥቁር ሴቶች «የኢትዮጵያ የፀጉር ቅቤ» እያሉ በብልቃጥ መግዛት ከጀመሩ ወዲህ፣ በቅቤው ሽታ የሚሸማቀቁ ልጃገረዶች ትንሽ ቀና ብለዋል። ቅቤው ከማበጠር በፊት ይቀባ ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። ልጆች «በፊት፣ እንዲያለሰልስ» ይላሉ። እናቶች «በኋላ፣ እንዲጠጣው» ይላሉ። አያቶች ሁለቱንም ሰምተው በፊትም በኋላም ይቀባሉ፤ የቅቤ ዋጋ ሲነገራቸው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

የተበጠረ ፀጉር ሹሩባ ሲሠራ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ልል ተደርጎ ይያዛል። ዓይን እስኪጠብ የተጎተተ ሹሩባ ለሳምንት ያምራል፤ ሲደጋገም ግን የፀጉሩ መስመር ወደ ኋላ ይሸሻል። ጉተታው በጊዜ ከቀረ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ለሌሊት ልስልስ ሻሽ ይመረጣል፤ የጥጥ ትራስ ቅባቱንም ይጠጣል፣ ፀጉሩንም ይፈትጋል።

ወንዶች በአብዛኛው በመላጨት ከጉዳዩ ስለወጡ እዚህ አልተካተቱም።

ማበጠሪያ ከሰው ሰው አይዋዋስም፤ ቅማል በእሱ ይጓዛል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የተጠመጠመበት ፀጉር በእጅ ከተለቀመ በኋላ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ጥርሱ የተሰበረ ማበጠሪያ ይጣላል፤ የስብራቱ ስለት የራስ ቆዳንም ዘለላንም ይቧጭራል። በአብዛኛው ቤት ግን አይጣልም፤ ለእንግዳ ይቀመጣል።