በስተርጅና መናፍቅ

ዕድሜ ስንቱን ያሳያል! በልጅነቴ ድቁና ተቀብዬ፣ ሰዓታት ቆሜ፣ አንድ ጾም ሳልሽር አርጅቼ፣ ይኸው በገዛ ቤቴ መናፍቅ ተባልኩ። ከሳሼ የልጅ ልጄ ነው። ማስረጃው ስልኩ ውስጥ ነው፤ አሜሪካ ተቀምጦ በቀጥታ ስርጭት የሚጮህ አንድ ሰባኪ «ከሙስሊም ጋር ቡና ጠጥቶ መመራረቅ ሃይማኖት ማደባለቅ ነው» ብሎታል። «አባባ፣ ንስሐ ይግቡ» ይለኛል። ሰባኪው እኮ የእኛ ካራቆሬ በየት በኩል እንደሆነች አያውቅም!

እሮሮዬን ይዤ ጎረቤቴ ሐጂ ዘንድ ብሄድ፣ እሳቸው ብሰው ቆዩኝ። ከጅዳ የተመለሰች ልጃቸው ጫት ይዞ ለዱዓ ወዳጃ መቀመጥ ሽርክ፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ የወሊይ መቃብር መዘየር ሽርክ ነው ብላ ጫቱንም ዕጣኑንም ከቤት አስወጥታለች። ያለ ዕጣን ቡና ጠጣን። አንዱ መናፍቅ፣ አንዱ ሙሽሪክ፤ ሁለታችንም ከሃይማኖታችን ንቅንቅ ሳንል!

ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ሲመክሩ ኖረዋል አሉ። ካቶሊኮቹ በ1958 ዓ.ም. በቫቲካን ጉባኤያቸው፣ በሌላው ሃይማኖት ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር አንነቅፍም ብለው ጻፉ። በጥር 1963 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ማዕከላዊ ኮሚቴ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ክርስቲያን ከሌላ እምነት ሰው ጋር እንዴት ይነጋገር እያለ መከረ፤ ለሥራውም ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። የሊባኖሱ ጳጳስ ጆርጅ ኾድር በዚያ ስብሰባ፣ መንፈስ ቅዱስ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭም ይሠራል ብለው ተናገሩ። ለእኔ ትንሽ ሰፋ አለብኝ፤ መንፈስ ቅዱስን የት ሥራ የት አትሥራ ማለት ግን የእኔም የአሜሪካው ሰባኪም ሥልጣን አይደለም።

ምነው ከዚያ ሁሉ ሊቅ አንዱ እንኳ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ ብቅ ባለ! ሠርግ እናሳየው ነበር። ሁለት አራጅ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት። አንዱ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ። ወጥ ቀጂዋ ተሳስታ የዚህን ጭልፋ እዚያ ድስት ብትነክር፣ አለቀላት፤ ዳስ ሙሉ ሰው ይነሳባታል። እኛን ነው እንግዲህ ሃይማኖት አደባለቃችሁ የሚሉን። ጭልፋ እንኳ አላደባለቅንም! ሐጂ እኔ ጀነት የምገባ አይመስላቸውም፤ እኔም ስለ እሳቸው ያው ስጋት አለብኝ። በዚህ ግን ተኳርፈን አናውቅም። የተኳረፍነው ፍየላቸው ማሽላዬን ስትበላ ነው።

መላእክት ነበርን አልልም። ዐምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን በ1324 ዓ.ም. ተዋግተዋል፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም በግድ ተጠመቅ ተብሏል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ በግጭት ስትነድ ያየ ሰውም ስለ ጉርብትና ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ዓለም አንድ መንደር ሆነች ይላሉ። ይሁን! የእኛ ማሾ በምርት ገበያ በኩል ህንድና ኢንዶኔዥያ ድረስ ይሄዳል፤ ሂንዱውም ሙስሊሙም ይበላዋል፤ የዘራው ማተብ ያስር አያስር የጠየቀ የለም። ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅስ? ስንቷ ወለተ ማርያም በፓስፖርቷ ፋጡማ ሆና ተሳፈረች! ለእሷ «ንስሐ ግቢ» ሲባል አልሰማሁም፤ ብር ትልካለቻ። ንስሐ የሚታዘዘው ምንም ለማይልክ ሽማግሌ ነው።

ያ ከሳሼ በጥር ያገባል። ሐጂ ለሠርጉ ወይፈን ሰጥተውታል፤ ይኸው ከበረታችን ታስሮ ድርቆሽ ይበላል። ስለ ወይፈኑ የአሜሪካውን ሰባኪ እስካሁን አልጠየቀውም።