የላሟ ጭሰኛ

ከተማ ያለ ዘመድ ሁሉ ሐምሌ ሲገባ ይደውልና «እንግዲህ አሁን አረፋችሁ» ይለኛል። ዘሩ ተዘርቷል፣ ዝናቡ ጥሏል፤ ገበሬ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ እሳት ዳር ሲጫወት የሚከርም መስሏቸዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ። በዚህ ግቢ ያረፈ ቢኖር በሬዬ ዳልቻ ነው። ዘር ካለቀ ወዲህ ቀንበር ጫንቃው ላይ አልወጣም፤ ጋጣው ውስጥ ተኝቶ እያመነዠከ ያየኛል። ያቺን የንቀት አስተያየት በሬ ያላችሁ ታውቋታላችሁ።

አገሬ መንዝ ነው። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ የምታገኙት ጭጋግ፣ ጭቃና በግ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቀመር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ጉልበቴ ግን ቀመሩን አይጠብቅም፤ ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ ይነግረኛል።

የቤቱን ነገር ላስቀድም፤ የጣጣው መነሻ እሱ ነው። ከተማ ያለው ልጄ «አባቴ ከእንግዲህ በሣር ቤት አይኖርም» ብሎ ብር ላከና ቆርቆሮ ቤት ተሠራልኝ። አሮጌው ቤት፣ ግድግዳው ድንጋይ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነው፣ ለከብቶቹ ተለቀቀ። ጓሳ እንዲሁ ሣር እንዳይመስላችሁ። ድሮ በቀሮ ሕግ ለዓመታት ተዘግቶ ይከርምና ሲከፈት ባለ ድርሻው ሁሉ ያጭደው ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮን አስቀረው፤ ዛሬ ደግሞ ማኅበረሰቡ መልሶ ይጠብቀዋል። ያ ሣር ዝናብ አያስገባ፣ ብርድ አያስገባ፣ ድምፅ አያስገባ። እና አሁን ላሜ ቦራ ጓሳ ሥር ሞቋት ታንኮራፋለች፤ እኔ ቆርቆሮ ሥር ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በረዶ የጣለ ለታ የልጆቼ እናት አጠገቤ ተቀምጣ የምትለኝን አልሰማም። (ይሄ አንዳንዴ ጥሩ ጎን አለው፤ ለሷ እንዳትነግሩብኝ።) ሌሊት ጅብ ቢመጣ የሚሰማው ውሻው ብቻ ነው፤ እሱም ዝናብ ከሆነ ደጃፍ ላይ ተጠቅልሎ እንዳልሰማ ይሆናል።

ማለዳ ተነሥቼ መጀመሪያ የሚቀበለኝ አዛባው ነው። በበጋ እበቱ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ይመታውና ኩበት ይሆናል፤ ገንዘብ ነው። በክረምት ግን ምን ቢጠፈጠፍ አይደርቅም፤ በአካፋ ዝቆ ጓሮ መድፋት ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ቀን የምትዝቀው የልጆቼ እናት ናት። እሷ ዝም ብላ ትዝቃለች፣ እኔ እያማረርኩ እዝቃለሁ፤ ስለዚህ ጎረቤት የሚሰማው የኔን ድካም ነው።

ከዚያ ማለብ አለ። የአገር ላም ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተት አታወርድም። ጥጃው ይፈታል፤ አራቱንም ጡት ከቀመሰ በኋላ በግድ ተጎትቶ ከፊቷ ይታሰራል፤ እሷም እሱን እየላሰች ትቆማለች። እኔ በርከክ ብዬ ማለቢያዋን በጭኖቼ መሃል አጣብቄ ስጀምር ጅራቷ ይመጣል። የክረምት ጅራት እንደ በጋው አይደለም። ሌሊቱን አዛባ ውስጥ ሲነከር ያደረ ነው፤ ጫፉ ላይ እበቱ እየተደራረበ ድቡልቡል ሆኖ ተንጠልጥሏል። አንዴ በግራ ጆሮዬ፣ አንዴ በማለቢያዋ አፍ። ዝንብ ልታባርር ነው ይባላል። በሐምሌ ብርድ የት ያለ ዝንብ!

መሬት ላራሹ ሲታወጅ ጎረምሳ ነበርኩ። እኛ ዘንድ መሬቱ ርስት ስለነበር ጭሰኝነት የሌላ አገር ወሬ ነበር። በስተርጅና ይኸው ደረሰኝ፤ የቦራ ጭሰኛ ሆኛለሁ። የወተቱን እኩሌታ ጥጃው ይወስዳል፤ የቀረውን ጾሙ ይወስደዋል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በመካከላቸው ባለችው ጠባብ በር ረቡዕና ዓርብ ቆመውባታል። ነሐሴ ላይ ሣሩ ጠንከር ብሎ ቦራ ወተት ስትጨምር እኔ ሽሮ ፊት ተቀምጫለሁ። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ገበያ ይወጣል፣ በቅቤው ብር ለቦራ ፉርሽካ ይገዛል። ጾሙን አላማረርኩም፤ የንስሐ አባቴ ይህን ቢሰሙ እንዳይቀየሙኝ። ያማረርኩት ቦራን ነው።

«ክረምት አይደለም እንዴ፣ አገሩ ሣር ነው፣ የመኖ ምን ችግር አለ?» የሚል ሰው ደግሞ አለ። ያ ሰው ሐምሌ ላይ መጥቶ ያን ሣር ያሳየኝ። የጭዱ ክምር ግርጌው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ረጥቦ ሻግቷል። አዲሱ ሣር ለጋ ነው፤ ከብቱን ያስቀምጠዋል እንጂ አያጠግበውም። በበጋ እንደ ልባቸው ይፈነጩበት የነበረው እርሻ ሁሉ ቡቃያ ሆኗል። ስለዚህ ላም በችካል፣ በግ በእረኛ። አንዲት በግ የሰው ገብስ ውስጥ አንገቷን ከነከረች ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በመንደራችን ሽማግሌ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በገዛ በጌ ላይ ፈርጄ፣ የገዛ ካሳዬን ቆርጬ፣ ዝናብ እየመታኝ ቤቴ እገባለሁ።

የተረፈው ግጦሽ ረግረጉ ነው፤ ረግረጉ ደግሞ የጉበት ትል አለበት። ትሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ካለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ይወጣና ሣሩ ላይ ይለጠፋል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ቆይቶ ነው የሚታወቀው፤ የዐይኑ ሽፋን ውስጡ ይነጣል፣ ከአገጩ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ሸኮናውም ከጭቃ ስለማይወጣ ይበሰብሳል። እየያዝኩ፣ እየገለበጥኩ፣ ሸኮናውን በቢላ እየጠረብኩ ወገቤ ተቆረጠ። ጎረቤቴ የአዋሲ ዲቃላ አውራ በግ ገዝቷል፤ ዘሩ ከወደ መካከለኛው ምሥራቅ ነው አሉ። ዝናብ ሲጀምር በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። እኔም እንዲያው ያደርገኛል፤ ግን ሰው ነኝ።

የዶሮዎቹን ባላነሣው ይሻላል። ፈንግል ያልጨረሰውን ሽልምጥማጥ ይጨርሰዋል። የተረፉት ቆጥ ላይ ከራስጌዬ ሰፍረዋል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አያቱን ሊያግዝ ነው ተብሎ። መልካም ልጅ ነው፤ አካፋውን በየትኛው ጫፍ እንደሚይዙት ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። የበጉን የዐይን ሽፋን ገልብጬ በሽታውን ላሳየው ስል «አባባ፣ አያመውም?» አለኝ። የኔን ወገብ የጠየቀኝ የለም። ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የፍልሰታ መፍቻ ይሆናል ብዬ ያሰብኩትን ጠቦት «ቡቺ» ብሎ ስም አወጣለት። የውሻ ስም! ላምና በሬ በመልካቸው ስም ይወጣላቸዋል፤ ጠቦት ግን ስሙ ጠቦት ነው። ስም የወጣለትን እንግዲህ ማን ያርዳል? ነሐሴ 16 ጾሙን የፈታነው በእንቁላል ነው። ቡቺ አሁን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ በኔ ዝተት ላይ ይተኛል፤ ቁንጫው ደግሞ ከኔ ጋር።

ምድጃው አጠገብ ስል እሳት አለ ማለቴ አይደለም፤ ጭስ አለ። የልጆቼ እናት በበጋ የከመረችው ኩበት በእበት ተለስኖ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ያለሷ ፈቃድ አንዲት አትነሣም። «ገና ጳጉሜ አለ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ከዚያ መስከረም ይጠባል። አደይ ይፈነዳል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ዘመድ በመኪና ይመጣል። «ወይኔ ሲያምር! እዚህ ነበር መኖር» ይላሉ። ቦራ አጠገብ ፎቶ ይነሣሉ፤ ጅራቷ በመስከረም ንጹሕ ነው። በግ ይታረዳል (ቡቺ አይደለም)፣ ይበላል፣ ቅቤው ተቋጥሮ መኪናው ላይ ይጫናል። ዳልቻን እያዩም «እናንተ እኮ ታድላችሁ» ይሉኛል።

የወንድሜና የእህቴ ልጆች፣ በመስከረም አትምጡ አልላችሁም። አንዳችሁ እንኳ ግን በሐምሌ ኑ። አካፋ አለ፣ ማለቢያ አለ፤ መኝታችሁም ጓሳ ቤት ከከብቶቹ ጋር ይዘጋጃል፣ ከቆርቆሮው ይሞቃል። ስትመጡ ስኳሩን ተዉትና ቦት ጫማ ይዛችሁ ኑ። የኔ ቁጥር 42 ነው፣ የልጆቼ እናት 38።