ዕድሜውን የማያውቅ ሽማግሌ

እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው የሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ 600ኛ ዓመት ልደቱን አከበረ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሳይቀሩ ከፓሪስ ድረስ ወርደው ተገኙ። በ2020 ደግሞ የሕክምና ፋኩልቲው 800ኛ ዓመቱን አከበረ። ሒሳብ የምትችሉ ልጆች አግዙኝ፤ በ130 ዓመት ውስጥ 200 ዓመት አረጀ ማለት ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ሳየው በዚሁ ፍጥነት ያረጀሁ ይመስለኛል፤ ግን ፕሬዚዳንት አልጠራሁበትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ያን ጊዜ ድግሱ ሲደገስ ባለልደቱ በሕግ የለም! አብዮተኞቹ በ1793 የፈረንሳይን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሳያስቀሩ ዘግተዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ የነበሩት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የቆሙ ፋኩልቲዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚለው ማዕረግ በሕግ የተመለሰላቸው በ1896 ነው፤ ከድግሱ ስድስት ዓመት በኋላ። በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ሞቶ ሳለ ልደቱን ያከበረ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

የልጅ ልጄ እዚያ ሒሳብ ይማራል። እኔም እናቱ ቤት ተቀምጬ እሱን ስጠብቅ ነው ይኼን ሁሉ ጉድ ያወቅሁት። «የትኛው ነው ትክክለኛው ልደት?» ብለው «አባባ፣ እንደ ቆጣሪው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በ1220 የጳጳሱ እንደራሴ ካርዲናል ኮንራድ ለሐኪሞቹ መተዳደሪያ ደንብ ሰጣቸው። በ1289 ጳጳሱ ኒኮላስ 4ኛ ሕክምናውንም ሕጉንም ሌላውንም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚያደርግ ደብዳቤ ጻፉ። እንግዲህ በ1890 ከጳጳሱ ቆጠሩ፣ በ2020 ከካርዲናሉ። ከ1289 ተነሥቶ 600 የሚሞላው በ1889 መሆኑን እንኳ ዝም ብዬ ላልፈው ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ የከተማዋ ጌታ ጊዬም 8ኛ በ1181 «ከየትም ይምጣ፣ ማንም ሰው ሕክምና ማስተማር ይችላል» ብሎ ፈቅዷል። ዛሬ ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም እዚያ ልሥራ ሲል ስንት ዓመት ወረቀት ሲያመላልስ እንደሚኖር ላየ ሰው፣ ይህ የጊዬም ነገር ተረት ይመስላል።

ደግሞ የድሮዎቹ ተማሪዎች እንዴት ይሮጡ ነበር! ፍራንሷ ራብሌ፣ መነኩሴም ሐኪምም ቀልደኛ ደራሲም የነበረው፣ መስከረም 17 ቀን 1530 ተመዘገበ፤ ኅዳር 1 ቀን የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ። አንድ ወር ተኩል! የልጅ ልጄ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ የመማሪያ ክፍሉን በር እንኳ ለይቶ አላወቀም ነበር። በኋላ «የራብሌ ካባ» የሚባል ቀይ ልብስ ነበር፤ ዶክተር የሚሆን ሁሉ እሱን ለብሶ ይመረቅ ነበር። ተመራቂዎቹ ታዲያ ለበረከት እያሉ ጫፉን እየቀደዱ ይወስዱ ጀመር። ካባው አጠረ፤ አዲስ ተሰፋ፤ እሱንም ቀደዱት። እነዚህ ናቸው እንግዲህ የሰው ሆድ ሊሰፉ የተማሩት።

አብዮተኞቹማ ከዘጉ በኋላ ወዲያው ጨነቃቸው፤ ጦርነት ላይ ናቸው፣ ለወታደሩ ሐኪም የለም። ስለዚህ በ1794 በፓሪስ፣ በስትራስቡርግና በሞንፔሊዬ የጤና ትምህርት ቤት ከፈቱ። የሞንፔሊዬዎቹን የት ቢያስገቧቸው ጥሩ ነው? ጥንት ገዳም፣ ኋላም የከተማው ጳጳስ መኖሪያ ከነበረው ሕንፃ፣ ከካቴድራሉ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የቆመው ውስጥ። እስከ ዛሬም እዚያው አሉ፤ ደግ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በሐምሌ ይቀዘቅዛል።

ዋናው ንዴቴ ግን የቅርቡ ነው። በ1968 ተማሪው ድንጋይ ወረወረ፤ ሚኒስትሩ ኤድጋር ፎር በዚያው ዓመት ሕግ አወጡ። በ1970 ያ ሽማግሌ ለሦስት ተቆረሰ። አንደኛው ሕክምናውን፣ ሕጉንና ኢኮኖሚውን ወሰደ፤ ሁለተኛው ሳይንሱን፤ ሦስተኛው ቋንቋውንና ሥነ ጽሑፉን። ከዚያስ ስም አወጡላቸው? ሞንፔሊዬ 1፣ ሞንፔሊዬ 2፣ ሞንፔሊዬ 3! ከስንት መቶ ዓመት ክብር በኋላ የቀበሌ ቁጥር። ሦስተኛው ትንሽ አፍሮ መሰለኝ የገጣሚውን የፖል ቫሌሪን ስም ደረበበት። ሰውዬው የዚያው አካባቢ ልጅ ናቸው፤ በሞንፔሊዬም ተምረዋል። ነገር ግን የተማሩት ሕግ ነው! ሕጉ ደግሞ በክፍፍሉ ለአንደኛው ደርሷል። ስማቸው በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርታቸው በሌላው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረው ሲያበቁ፣ በ2003 ከሻንጋይ አንድ የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሰንጠረዥ ወጣ። ፓሪስ ደነገጠች። ለካ ቻይናዎቹ ሲቆጥሩ ትልቅ ነው የሚያዩት፤ ትንንሹ አይታያቸውም። «በሉ ተመለሱ፣ ተዋሐዱ» ተባለ። ጥር 1 ቀን 2015 አንደኛውና ሁለተኛው ታረቁ፤ ሦስተኛው ውጭ ቀረ። የሚገርመው ሦስተኛውና የሳይንሱ ግቢ ጎረቤታሞች መሆናቸው ነው። ወንጭፍ በያዝኩበት ዘመን ቢሆን ከአንዱ ሌላውን እመታ ነበር። ነጫጭ ወፎች የተሳሉበት ሰማያዊው ትራም ለሁለቱም አንድ ፌርማታ አለው፤ ስሙም የሁለቱንም፣ የሳይንሱንም የሥነ ጽሑፉንም፣ ስም ይዟል። ሚኒስቴሩ ያልቻለውን ፌርማታው ችሎታል።

በ2018 ያው የሻንጋይ ሰንጠረዥ ሞንፔሊዬን በሥነ ምህዳር ከዓለም አንደኛ አደረጋት። ከተማው በደስታ ፈነጠዘ። ምን ያስደንቃል? ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ለሕክምና ተማሪዎች የዕፅዋት አትክልት ቦታ ያስጀመሩት በ1593 ነው፤ በፈረንሳይ ከእሱ የሚቀድም የለም። አራት መቶ ዓመት ቅጠል ሲያዩ ለኖሩ ሰዎች ቅጠል ማወቃቸውን ከሻንጋይ ይነገራቸው?

ከሁሉም የምወደው ሰንጠረዥ የማይገባበት አንድ ሰው ነው፤ አሌክሳንደር ግሮተንዲክ። ከጦርነቱ በኋላ አገር አልባ ስደተኛ ሆኖ በሞንፔሊዬ ሒሳብ ተማረ። በ1966 ፊልድስ የሚባለውን ትልቁን የሒሳብ ሽልማት አገኘ። ከዚያ ፓሪስ አጠገብ የነበረበት ተቋም ከጦር ኃይሉ ገንዘብ ይቀበላል ብሎ በ1970 ጥሎ ወጣ። በ1973 የት ሄደ? ተመልሶ ሞንፔሊዬ፤ የዓለም ታላቁ የሒሳብ ሰው ለጀማሪ ተማሪዎች ጠመኔ ይዞ ቆመ። እስከ 1988 ቆይቶ ጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ስዊድኖቹ ክራፎርድ የተባለ ሽልማት ሲሰጡት የጡረታ አበሌ ይበቃኛል ብሎ መለሰላቸው። የጡረታ አበል የሚበቃው ሰው ሳይ እሱ ብቸኛው ነው። ሲሄድ በካርቶን በካርቶን ወረቀት ትቶ ሄደ፤ ዩኒቨርሲቲው በ2017 ወደ 18,000 የሚጠጋ ገጽ በኢንተርኔት ዘረጋው። የልጅ ልጄ ከፍቶ አሳየኝ፤ ስርዝ በስርዝ ላይ፣ ጽሑፉ የተጎተተ። «ምን ይላል?» አልኩት። «አባባ፣ ፕሮፌሰሮቹም እያጠኑት ነው» አለኝ።

የገንዘቡን ነገር ባልናገር ይሻለኛል፤ ግን እናገራለሁ። የፈረንሳይና የአውሮፓ ልጅ በዓመት 170 ዩሮ ገደማ ነበር የሚከፍለው። በ2019 መንግሥት ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣው ተማሪ 2,770 ዩሮ አደረገው፤ ለማስተርስ 3,770። የመርሐ ግብሩም ስም «እንኳን ወደ ፈረንሳይ በደህና መጣችሁ» ነው። ደግነቱ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሚኒስቴሩን ጆሮ ዳባ ብለው ልጆቹን ከጭማሪው ነፃ አወጡ። የተማሪ ካፌው ምሳ ግን አይታማም ነበር፤ ሙሉ ትሪ በ3 ዩሮ ከ30። በኮሮና ጊዜ ተማሪው ለእርዳታ ምግብ ሲሰለፍ አገር አየውና በ2021 መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ዩሮ አደረጉት፤ ወረርሽኙ ረገብ ሲል ድጎማ ከሚያገኙት በቀር የሌላውን መለሱት። ረኃብም በቫይረስ የሚመጣ መሰላቸው።

በዚያ በሄንሪ 4ኛ የዕፅዋት ቦታ ውስጥ ከመሥራቹ ዘመን ጀምሮ አለ የሚባል አንድ አሮጌ ዛፍ አለ፤ ግንዱ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ሰዉ ምኞቱን በወረቀት ጽፎ ስንጥቁ ውስጥ ይሸጉጣል። የተማረ ሰው! የነፍስ አባቴ ቢያዩ ዛፉን በዚያው ቀን ያስቆርጡት ነበር። ባለፈው የፈተና ሰሞን የልጅ ልጄም ሸጉጦ መጣ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ፕሮባቢሊቲን ልለፍ ብዬ።»

«ስምህንና የተማሪ ቁጥርህን ጽፈሃል?»

«ኧረ አልጻፍኩም፣ አባባ።»

«ፊርማስ? የመታወቂያህ ቅጂስ?»

ሳቀብኝ። ምን ያስቃል? የፈረንሳይ ዛፍ እኮ ነው፤ ዶሴው ካልተሟላ አያይለትም።