ድርሳነ ቴሌግራም

አባቶቻችን በብዙ ነገር የተመሰገኑ ቢሆኑም በክርክር ጥበብ ረገድ ገና ፊደል ቈጣሪዎች እንደ ነበሩ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ ቆሞ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በዚያ የተደረገውን ጉባኤ ቢያስታውስ ይበቃዋል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዳኝነት ተሰይመው፣ ንጉሥ ምኒልክ አብረው ተቀምጠው፣ «ሁለት ልደት» የሚሉትና «ሦስት ልደት» የሚሉት ሊቃውንት ስለ ወልድ ክብር መጻሕፍት እየጠቀሱ ሲሟገቱ፣ የሚሟገቱበትን መጽሐፍ አስቀድመው አንብበውት መምጣታቸው አንድ ጉድለት ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መልስ ሊሰጥበት ሲል ጆሮውን መስጠቱ ሁለተኛ ጉድለት ነው፤ ከሁሉ የከፋው ነውር ግን ጉባኤው ማለቁ ነው። የተረታው መረታቱ ታወቀ፣ የረታውም ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ውሳኔውን አንቀበልም ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠባቸው እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ይህ ጭካኔ በዘመናችን ቀርቷል፤ የዛሬ ሙግት በአውራ ጣት የሚፈጸም ስለ ሆነ ምላስ ለማንም አያስፈልግምና።

በዚያው ዘመን መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው፣ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተብለው ክርስትና ሲነሡ፣ ክርክር ከላይ በአዋጅ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ወሎ በዓይኑ አይቷል። ከታች ያለው ሕዝብ ግን፣ ከአንድ እናት የተወለዱት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ወደ መስጊድ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ፣ በአንድ ቅሬ ሬሳ እያነሡ፣ የአቦሉን ቡና አብረው ጠጥተው ቶናውንም አብረው እየጠበቁ መኖራቸውን አልተዉም። በዚህ ረገድ ወሎዎች ለሥልጣኔ የዘገዩ ሰዎች ነበሩ፤ መዘግየታቸውን ለማካካስ ግን በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ተወልደው በአራቱ ማዕዘን የተበተኑት ልጆቻቸው እንዴት ያለ ትጋት እያሳዩ እንደ ሆነ ወደ ፊት እንናገራለን።

የመንግሥቱንም ዳኝነት ቢሆን ብናየው ከዚህ የተሻለ አይደለም። «በልሃ ልበልሃ» በሚባለው በጥንቱ ሙግት፣ ባለጉዳዩ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ በማር ወይም በበቅሎ ተወራርዶ ነበር አፉን የሚከፍተው፤ ሐሰት ተናግሮ ቢረታ ከቤቱ የሚወጣ ነገር ስለ ነበረ ከመናገሩ በፊት ያስብ ነበር። ይህ ማሰብ የሚባል ልማድ የክርክርን ፍጥነት ምን ያህል ሲያጓትት እንደ ኖረ የተረዳነው እኛ፣ ዋሱንም ውርርዱንም አስቀርተን ነገሩን ለማንም ቀላል አደረግነው፤ ዛሬ ማንም ሰው ስለ ማንኛውም ነገር፣ ከአልጋው ሳይወርድ፣ አንዲት ጠብታ ማር ሳያወጣ፣ እስከ እኩለ ሌሊት መሟገት ይችላል።

ለዚህ ጥበብ መንገድ ጠራጊዎች ተብለው ሊታሰቡ የሚገባቸው የ1968 ዓ.ም. ወጣቶች ናቸው። በስድስት ኪሎ በአንድ መኝታ ቤት ያደሩ፣ በአንድ ሰልፍ «መሬት ለአራሹ» ብለው የጮኹ፣ በአንድ ዱላ የተመቱ ጓደኛሞች፣ አንዳንዶቹ የኢሕአፓ አንዳንዶቹ የመኢሶን ሆነው፣ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዐምድ በብዕር ስም እየተሸፈኑ ተጻጻፉ፤ እነዚያ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ሲሉ እነዚህ «ሂሳዊ ድጋፍ» አሉ። ጽሑፋቸው እጅግ ረጅም በመሆኑ ለዛሬ አንባቢ የሚመች አይደለም፤ ስምን ሰውሮ የወዳጅን ስም ማጥፋትን ግን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ዓመት ሳይሞላ ሙግቱ ከጋዜጣ ወደ ጎዳና ወርዶ በጥይት መመላለስ በተጀመረ ጊዜ፣ ከአንድ ዶርም የወጡት ጓደኛሞች በአንድ ከተማ ውስጥ እየተፈላለጉ ተገዳደሉ። ደርግም የሁለቱን ክርክር በጥሞና ሲከታተል ቆይቶ ለሁለቱም በየተራቸው መልስ ሰጣቸው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። አንድ የቴሌግራም ጉባኤ አለ። የተቋቋመበት ምክንያት የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ በመካነ ሰላም አብረው የተማሩ ሰዎች፣ ከመካከላቸው አባት ወይም እናት የሞተበት ቢኖር መርዶ ይነጋገሩበት ዘንድ፣ ለአገር ቤቱም ቅሬ ገንዘብ ያዋጡበት ዘንድ የከፈቱት ነው። አባላቱ በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጅዳና በሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፤ ጥቂቶችም እዚያው መካነ ሰላም ቀርተዋል፤ እነዚህ የቀሩት በጉባኤው ዘንድ እምብዛም አይከበሩም፤ ስለ አገራቸው ብዙ አያውቁም ተብሎ ይታሰባልና።

የጉባኤው ሥርዓት ከማኅሌት ሥርዓት አያንስም። ገና ጎሕ ሲቀድ አንዱ ምእመን፣ በቀይ ፊደል «ሰበር» የተባለበትን የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ ይልካል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይደርሳል፤ ከዚህ የምንረዳው የዘመኑ ሊቃውንት ሳይሰሙ የመረዳት ሀብት የተሰጣቸው መሆኑን ነው። ቀጥሎ የድምፅ መልእክት ይመጣል፤ በውስጡም የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶና «የአድዋ ልጆች አይደለንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። በሦስተኛው ሰዓት የመጽሐፍ ማስረጃ ይቀርባል፤ ይኸውም ባላጋራው በ2010 ዓ.ም. «ተደምሬያለሁ» ብሎ የጻፈውን ገጽ ስክሪንሾት ማውጣት ነው። በዚያ ዓመት ያልተደመረ ሰው ከጉባኤው መካከል አንድ ስንኳ ባይገኝም፣ እያንዳንዱ የወንድሙን ጽሑፍ በመዝገብ አኑሮ የራሱን ሰርዟል። የወሎ ልጅ ጨዋነቱን አይተውምና፣ ስድቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ «ወንድምዓለም» መባሉ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ወንድምዓለም ካለህ በኋላ ባንዳ፣ ባንዳ ካለህ በኋላ ተከፋይ ይልሃል፤ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ቢነግርህማ ሄደህ ሒሳብህን በጠየቅህ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊቃውንቱን የሚያደክመው ምሥጢር ግን ያች የምትስቀው ቢጫ ፊት ናት። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ሐሳቡን በሥርዓት ጽፎ ሲልክ፣ ወዳጁ በዚያ ሥር ያችን ፊት ብቻ አኑሮለት ይሄዳል። ትርጓሜው እንዲህ ነው። አንድም፦ የጻፍኸው አስቆኛል ሲል ነው። አንድም፦ የጻፍኸውን አላነበብሁም፣ የጻፍኸው አንተ መሆንህን ግን አይቻለሁ ሲል ነው። አንድም፦ መልስ አጣሁ ሲል ነው፤ ይህ ግን ምሥጢር ስለ ሆነ ለጀማሪ አይነገርም። አንድም፦ ጣቱ ስቶ ነው፤ በዚህኛው ትርጓሜ ግን ከመምህራኑ የተስማማ የለም። የአብነት ተማሪ በአንድምታ ቤት ስለ አንዲት ጥቅስ አራት ፍቺ ሰምቶ አራቱንም ይዞ መኖርን ይማራል፤ በእኛ ጉባኤ ግን አራት ፍቺ የተፈቀደው ለዚህች ፊት ብቻ ሲሆን፣ ሰው ለጻፈው ቃል የተፈቀደለት ፍቺ አንድ ነው፤ እርሱም ከሁሉ የከፋው ነው።

በቦረና ሳይንት ፓርክ ገደል አፋፍ የሚውሉትን ጭላዳዎች ያየ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ እንደሚውሉ ያውቃል፤ ሆኖም እየተንጫጩ አንዱ የሌላውን ጠጕር እየፈተሸ ቅማሉን ይለቅምለታል። እንግዲህ ጫጫታውን ከእነርሱ ወርሰን ይህን ሁለተኛውን ክፍል መተዋችን፣ ፍጥረት ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይሄድ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ጥበቡ ወደ ፍጹምነት የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ፣ በቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ዙሪያ በተነሣው ሁከት ምክንያት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ለወራት ታግደው፣ ምእመናኑ በቪፒኤን እየተሻገሩ ሲከራከሩ ከረሙ። እገዳው ተነሣ ሲባል፣ በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠና መካነ ሰላም ከነቦረናዋ፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ወግዲና ከለላ ሁሉ ከጉባኤው ወጡ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጕዳት ቈጥሮታል፤ ለክርክሩ ግን እንዲህ ያለ በረከት ታይቶ አይታወቅም። ስለ መካነ ሰላም ሰው ኑሮ፣ ፍላጎት፣ ቁጣና ተስፋ የሚናገረው ሁሉ፣ የመካነ ሰላም ሰው ብቅ ብሎ «እንዲህስ አይደለም» እንዳይለው በመንግሥት ወጪ ተጠበቀለት። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወዳጃችን «ሕዝባችን ቆርጦ ተነሥቷል» ሲል፣ የአዲስ አበባው ወዳጃችን «ሕዝባችን ሰላሙን እያጣጣመ ነው» ሲል፣ ሕዝቡ ስለ ሁለቱም ዝም አለ፤ ዝምታውንም ሁለቱ እኩል ተካፍለው በየራሳቸው ወገን አስመዘገቡት። ከብዙ ወራት በኋላ መስመሩ ሲመለስ፣ ገበሬ ወንድም ያለው አንድ መምህር ወደ ጉባኤው ገብቶ «እንደምን ከረማችሁ?» ቢል የተሰጠው መልስ «ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ሕዝብህ ለምን ዝም አልህ?» የሚል ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ሦስት መቶ ተከታይ ያለው የጅዳው ወዳጃችን ይህን አንቀጽ ባነበበ ጊዜ ከልቡ አዘነ፤ ቀን ከሌሊት ደክሞ ለዚህ ማዕረግ አለመብቃቱን ሕግ አውጭው በነጋሪት ጋዜጣ ያወጀበት መሰለውና።

በእጅ የተጻፈ ነገር ከእጅ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የጉባኤያችን ልማድ አይደለም፤ ሆኖም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ከክስ ጋር ከተለጠፈ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ደጅ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ አቤት ማለቱን ገልጾ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በናይሮቢ ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ በየነ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሥር «አስተያየት» የሚሰጡት፣ የሚያጋሩትና ያችን የምትስቅ ፊት የሚያኖሩት ግን ዋስ አይጠሩም፣ በማርም አይወራረዱም።

ስለ አንድ መንገድም ነገር ልናገር። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ፣ እዚያው መካነ ሰላም የምትኖር አንዲት እኅታችን አንድ ምሽት ወደ ጉባኤው ገብታ «እናቴ ታማብኛለች፤ ነገ ደሴ ሆስፒታል ላደርሳት ነው፤ በአቃስታ በኩል መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። በዕድሜ የሚበልጠን የሲልቨር ስፕሪንጉ ጋሼ ወዲያው መልስ ሰጣት፤ ሕዝባችን የሚያስፈልገው ነፃነት እንጂ መንገድ አለመሆኑን አስረዳት። የአዲስ አበባው ወዳጃችን፣ «ክፍት ነው ወይ» ብሎ መጠየቅ በራሱ መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ መንዛት መሆኑን አስጠነቀቃት። የጅዳው ወዳጃችን ነገሩን ከግራኝ ዘመን ጀምሮ መመልከት እንደሚያሻ ገልጾ በሦስት የድምፅ መልእክት እስከ አፄ ሱስንዮስ ደረሰ። ሌላው ደግሞ «እኅትዓለም፣ ይህን እንድትጠይቂ ማን ላከሽ?» አላት። «እናቷን እግዜር ይማርላት» ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም መሐል ሰፋሪ ተብሎ ተወቀሰ።

እኅታችን ሌሊቱን እናቷን ስታስታምም አድራ፣ ሊነጋጋ ሲል ወደ መናኸሪያ ሄዳ አንዱን ሹፌር ጠየቀችው። ሹፌሩም «መንገዱ ክፍት ነው፤ ጉጉፍቱ ላይ ግን ጉም ስላለ ትንሽ ረፍዶ መነሣት ይሻላል፤ ለእናታችን የፊት ወንበር እይዛለሁ» አላት። ደሴ ከደረሱ በኋላ፣ ሌላ ሰው ቢቸገር ይጠቅማል ብላ የሹፌሩን ቃል እንዳለ ወደ ጉባኤው ላከችው። ሹፌሩ የማን ካድሬ እንደ ሆነ እስካሁን እየተጣራ ነው።